ማስተካከያ፦ ስለ «ጂ ዋን»፣ ስለ ነዳፊዎቹና ስለ ቅርፊቱ

ባለፈው ሳምንት ለገጣፎ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ስለገዛኋት ትራንስፎርመር (ከመኪና ወደ ሮቦት የምትለወጥ መጫወቻ) ስጽፍ፣ «ጂ ዋን» የሚለው ስም በ1984 (በፈረንጆቹ) ካርቶኑ ላይ ታትሞ ነበር ብያለሁ። አልነበረም። አድናቂዎች የቀደሙትን መጫወቻዎች «ጂ ዋን» (ጄኔሬሽን 1፣ «አንደኛ ትውልድ») ያሉት በ1990ዎቹ መጀመሪያ «ጄኔሬሽን 2» የተባለው ተከታይ መስመር ከወጣ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ስህተቴ ይብሳል፤ መጫወቻዎቹን የነደፋቸው የአሜሪካው ኩባንያ ሀስብሮ ነው አልኩ። የመጀመሪያዎቹ አብዛኞቹ የጃፓኑ መጫወቻ ሠሪ ታካራ ሥራዎች ናቸው፤ ሀስብሮ ከታካራ የዳያክሎንና የማይክሮማን መጫወቻ መስመሮች ወስዶ አዲስ ስም ሰጣቸው። ያነቃኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው። የመኪናዋን በር ከፍቶ ወንበር አየና «ጋሼ፣ ሹፌሩስ?» አለኝ። የዳያክሎን መኪኖች የሚነዳቸው አውራ ጣት የምታክል ሰው ነበረቻቸው፤ ስማቸው ሲቀየር እሷ ቀረች፣ ወንበሩ ግን አለ። ከማይክሮማን የመጡት ደግሞ ሽጉጥና ካሴት ማጫወቻን የመሰሉ የእጅ ዕቃዎች ናቸው።

በሮቹ ትከሻዋ ላይ ስለተንጠለጠሉም «ሼልፎርመር» ብያት ነበር። ያ ተንጠልጣይ «ኪብል» ነው የሚባለው። ሼልፎርመር ሮቦቱ ውስጥ ተጣጥፎ የመኪናውን አካል እንደ ቅርፊት ጀርባው ላይ የሚሸከም ነው፤ የእኔዋ ግን ኮፈኗ ራሱ ደረቷ ነው።