የዘጋው ማን ሆነና?

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ በ2002 እ.ኤ.አ. ስለተዘጉት የአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ወደቦች ሲያወራ ጥፋቱን በሙሉ የወደብ ሠራተኞቹ ላይ ጥሎታል። «ሆን ብለው ሥራ አጓተቱ» ይላል። አልስማማም። 29ኙን ወደቦች የዘጉት እኮ አሠሪዎቹ ናቸው። የሠራተኞቹ ማኅበር ደግሞ «የደኅንነት ደንቡን ጠብቀን ነው የሠራነው» ብሏል። የጠቡ አንዱ መነሻም የጭነት መመዝገቢያ ቴክኖሎጂ ነበር፤ ማሽኑ ሲመጣ የመዝጋቢዎቹ ሥራ የማን ይሆናል የሚለው። ይሄን ጽሑፉ ዘሎታል። ወደቦቹ የተከፈቱት ፕሬዚዳንት ቡሽ የታፍት ሃርትሊን ሕግ (የሥራ ማቆም ወይም መዝጋት አገርን ሲጎዳ መንግሥት በፍርድ ቤት እንዲያስቆም የሚፈቅደውን) ጠቅሰው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው።

እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ የትራንዚት ሥራ ነው የምሠራው። አንዴ ጫኝና አውራጆቹ ከባለመጋዘኑ ጋር በዋጋ አልስማማ ብለው መኪናችን ሁለት ቀን ቆመ። ሹፌሩ ከጅቡቲ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ ደክሞ የመጣ ነው፤ መኪናው ሥር ካርቶን አንጥፎ ተኛ። እኔ በግኛለሁ። ከልጆቹ አንዱ ትከሻው ላይ ያጠፈውን ጆንያ አንስቶ አሳየኝ። ቆዳው ተልጧል። «ጋሼ፣ እስቲ አንዷን ይሞክሯት» አለኝ። ምን እላለሁ? ዝም።

ባለንብረቱ በራሱ ጉልበት ያወረደውን ዕቃ ሁሉ «ክፈል» የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። እሱ ዓይን ያወጣ ዘረፋ ነው፣ አልከራከርላቸውም። የዚያን ቀኖቹ ግን እንደዚያ አልነበሩም። በሦስተኛው ቀን ባለመጋዘኑ ትንሽ ጨመረላቸው፤ ከሰዓት ሳይደርስ መኪናው ባዶ ሆነ።