በር ሲዘጋ ምን ያስደነግጠናል?

ወገኖቼ፣ ያ ቪዲዮ ትናንት ማታ በቴሌግራም ለአራተኛ ጊዜ ደረሰኝ። አስፈሪ ሙዚቃ፣ ጎርናና ድምፅ፣ «ዓለምን በድብቅ የሚገዛው ቢልደርበርግ»። ከታች «ለ10 ሰው አስተላልፉ» ይላል። የላከልኝ ደግሞ የተማረ ሰው ነው። ኧረ በሕግ!

ቢልደርበርግ የአውሮፓና የአሜሪካ ባለሥልጣናትና ባለሀብቶች በዝግ በር የሚሰበሰቡበት ጉባኤ ነው። ስሙ መጀመሪያ ከተሰበሰቡበት ሆቴል የመጣ ነው። ሆቴሉ ያለው ኔዘርላንድስ፣ ኦስተርቤክ በምትባል መንደር ነው። በዚያች መንደር በመስከረም 1944 (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) እንግሊዞችና ጀርመኖች ቤት ለቤት ተታኩሰዋል። አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በግንቦት 1954፣ እዚያው ሆቴል ውስጥ ጀርመኑም እንግሊዙም አሜሪካዊውም አንድ ጠረጴዛ ከበቡ። ከጠሪዎቹ ዋናው ዩዜፍ ሬቲንገር የሚባል ፖላንዳዊ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ፣ ሃምሳን አልፎ፣ ናዚ ወደያዘው አገሩ በፓራሹት የወረደ ሰው ነው።

ከዚያ በፊትም፣ ከ1950 ጀምሮ፣ ሊሎ ሚልሽዛክ የምትባል ጀርመናዊት እንግሊዞችንና ጀርመኖችን ራይን ወንዝ ዳር፣ ኮኒግስቪንተር ላይ ታገናኝ ነበር። ስለእሷ ቪዲዮ የላከልኝ የለም።

ንጹሐን ናቸው አላልኩም። የቢልደርበርግ ሊቀመንበር የነበረው ልዑል በርንሃርት፣ የኔዘርላንድስ ንግሥት ባል፣ በ1976 በአሜሪካው አውሮፕላን ሠሪ በሎክሂድ የጉቦ ቅሌት ስሙ ተነሥቶ ሊቀመንበርነቱን ለቋል። «ማን መረጣቸው?» ማለትም ተገቢ ነው። ደግሞም ውል የሚፈርሙት እነሱ አይደሉም። ለምሳሌ የዛሬው የአውሮፓ ኅብረት መነሻ የሆነውን የድንጋይ ከሰልና የብረት ስምምነት፣ ቢልደርበርግ ከመጀመሩም በፊት፣ በ1951 ፓሪስ ላይ የፈረሙት ስድስት መንግሥታት ናቸው።

ግን በሩ ለምን ተዘጋ? በእንዲህ ያሉ ስብሰባዎች የተባለውን ማውራት ይቻላል፤ ማን እንዳለው ማውራት ግን ክልክል ነው። ትናንት ጠላቱ ከነበረው ሰው ፊት «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» ማለት ካሜራ ፊት አይሆንማ።

እኛስ? ሁለት ባላንጣዎች አንድ ካፌ ማኪያቶ ሲጠጡ ከታዩ ፎቶው ወዲያው ፌስቡክ ላይ ነው። «ተሸጠ!» «ባንዳ!» እንላለን። ሳምንት ሳይቆይ ደግሞ «ምነው ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ» ብለን እናለቅሳለን። አባቶቻችን ሽማግሌ ሲሆኑ አንዱን ጓዳ፣ ሌላውን ደጅ ለብቻ ለብቻ ያነጋግሩ ነበር። ያኔ በሩ ሥር ጆሮውን የሚለጥፍ ሰው ነውረኛ ይባል ነበር። ዛሬ ላይቭ ይገባል፤ እናንተም ሼር ታደርጉለታላችሁ።

ቪዲዮውን የላክህልኝ ወዳጄ፣ አጥፍቼዋለሁ። አምስተኛ እንዳትልክልኝ።