ጨለማውን ቀለም አትቀቡት

ባለፈው ሳምንት «የጥንት አስፈሪ ፊልሞች ምሽት» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ወደ አንድ አዳራሽ ጎራ አልኩ። የተያዘው ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 የሠራው «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» ነበር። መብራቱ ጠፋ፣ ፊልሙ ተጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ከመቃብሩ ቦታ የመጣው በድን ጎመን የመሰለ ፊት ይዞ ብቅ አለ። ለካ ፊልሙን በኮምፒውተር ቀለም አስቀብተውታል! ከኋላዬ የተቀመጡት ወጣቶች ሳቁ። ሲያልቅ የዝግጅቱ መሪ መድረክ ላይ ወጥተው «ያለ ቀለም የዛሬ ልጅ ምን ያስፈራዋል? እኛ ሕይወት ዘራንበት» አሉን። ስለ ሙታን በተሠራ ፊልም ላይ ሕይወት መዝራታቸው ነው።

ለመሆኑ እኚህ ሰው ሌሊት መብራት ሲሄድባቸው የሚፈሩት የትኛውን ቀለም ነው? እኛ ልጆች ሳለን በኩራዝ ብርሃን የጅብ ተረት ሲነገረን ጅቡ አንድም ቀን ቤት ገብቶ አያውቅም። ግድግዳው ላይ የሚወዛወዘው የራሳችን ጥላ ይበቃን ነበር።

ስህተቱ የሚጀምረው ጥቁርና ነጭን እንደ ጉድለት ከመቁጠር ነው። ቀለም ያልደረሰው ምስኪን ፊልም አድርገው ያዩታል። እ.ኤ.አ. በ1931 ሩበን ማሙሊያን በሠራው «ዶክተር ጄኪልና ሚስተር ሃይድ» ውስጥ ሐኪሙ ወደ አውሬነት ሲለወጥ ተመልከቱ። ካሜራው ፊቱ ላይ ተተክሏል፤ ምስሉ አይቆረጥም፤ ግን ዓይናችን እያየ የፍሬድሪክ ማርች ፊት ይጠቁራል፣ ይጨማደዳል፣ ሌላ ሰው ይሆናል። ምስጢሩ ቀላል ነው። የተዋናዩ ፊት አስቀድሞ በቀይ ቀለም ተስሏል። ከካሜራው ፊት ቀይ ማጣሪያ፣ ማለትም ባለቀለም መስታወት፣ ሲኖር ቀዩ ከቆዳው ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል፤ ማጣሪያው ሲለወጥ ያው ቀይ ጠቁሮ ይወጣል። ፊልሙ ቀለም ስለማይለይ እኛ የምናየው ክፋት ከሰውየው ውስጥ ሲወጣ ብቻ ነው። ማርች ኦስካር የወሰደው በዚህ ሥራ ነው። እስቲ ያንኑ ዘዴ በባለቀለም ፊልም ሞክሩት! ቀይ መብራት ጠፍቶ አረንጓዴ ሲበራ ጭፈራ ቤት የገባን ይመስለናል።

በዚያው ዓመት በወጣው «ፍራንከንስታይን» ላይ የፊት ቅብ ባለሙያው ጃክ ፒርስ ጭራቁን የተጫወተውን የቦሪስ ካርሎፍን ፊት አረንጓዴ ነክ ቀለም የቀባው በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ እንደ ሬሳ ገርጥቶ እንዲወጣ ነው። አረንጓዴው ለካሜራው የተበጀ እንጂ ለእኛ ዓይን አልነበረም። እነዚህ ሰዎች የሚሠሩትን ያውቁ ነበር። ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክም ባለቀለም ፊልም በተከታታይ ከሠራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1960 «ሳይኮ»ን በጥቁርና ነጭ አነሳ፤ በመታጠቢያው የግድያ ትዕይንት የሚፈሰው ደም የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። ማንም አልሳቀም። ቀለም የገባበት አስፈሪ ፊልም ሁሉ መጨረሻው ሉካንዳ ቤት ነው፤ ሥጋና ደም ያሳየናል፣ እኛም ተጸይፈን እንወጣለን። መጸየፍ ደግሞ መፍራት አይደለም።

«ገንዘብ ስላልነበራቸው ነው» የሚሉኝ አሉ። ሮሜሮ እውነትም ገንዘብ አልነበረውም፤ ፊልሙ የጨረሰው 114 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ታዲያ ምን ይሁን? ዱዌን ጆንስ የሚጫወተው ጥቁር ሰው ያን ሁሉ ሌሊት ተርፎ፣ ሲነጋ ሊያድኑት በመጡ ነጮች ጥይት ይወድቃል። ከዚያ ፊልሙ ቆሞ ሻካራ ፎቶዎች ይከተላሉ፤ ሬሳው በሥጋ መንጠቆ ሲጎተት፣ ወደ እሳቱ ሲወሰድ። የዚያን ዘመን አሜሪካዊ እንዲህ ያለውን ፎቶ ጠዋት ጠዋት በጋዜጣው ላይ ያየው ነበር። በአዳራሻችን ግን እነዚያ ፎቶዎች ፖስት ካርድ ሆነው ቀረቡልን።

አሮጌ ፊልም ሁሉ ያስፈራል አልልም። ቤላ ሉጎሲ በተጫወተበት «ድራኩላ» ውስጥ የሌሊት ወፏ በክር መንጠልጠሏን ሕፃን ልጅም ያውቃል፤ እዚያ ቤተ መንግሥት ውስጥ አርማዲሎ የተባለው ባለ ቅርፊት የአሜሪካ እንስሳ ምን እንደሚሠራም እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቀለም ግን ክሩን አይደብቀውም፤ ይልቅ ያጎላዋል።

በሚቀጥለው ወር ደግሞ የ1942ቱ «የድመት ሰዎች» ተራ ነው ተብሏል፤ እሱም ተቀብቶ። ግስላ እሆናለሁ ብላ የምትፈራ ሴት ታሪክ ነው። በአንዱ ትዕይንት ሌላ ወጣት ሴት ማታ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ብቻዋን ናት። የውኃው ነጸብራቅ ጣሪያው ላይ ይርገበገባል፣ ጉርምርምታ ይሰማል፣ ጥላ በግድግዳው ላይ ያልፋል። ግስላው አይታይም። ትኬት ቆርጬ እሄዳለሁ። ያልታየውን ግስላ ምን ዓይነት ቀለም እንደቀቡት ማየት እፈልጋለሁ።