መቶ ጥያቄ እና አንድ ተያዥ

«ከሰው ጋር ብዙ ሰዓት ማሳለፍ ያደክመኛል።» በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ እርግጠኛ አይደለሁም፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም። አንዱን ይጫኑ።

ተጠያቂዋ የእህቴ ልጅ ናት። ያመለከተችው ለስቶር ኪፐርነት ነው። የአካውንቲንግ ዲግሪ አላት። የዕቃ መረከቢያውን ሞዴል 19 ከዕቃ ማውጫው ሞዴል 22 ትለያለች፤ የየዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን ቢን ካርድ መሙላት፣ ዕቃ ቆጥሮ መረከብም አይቸግራትም። ይህን ግን ማንም አልጠየቃትም። በቴሌግራም ሊንክ ላኩላትና ስለ ራሷ ከመቶ በላይ ጥያቄ ስትመልስ ዋለች። ሳይኮሜትሪክ ፈተና፣ ማለትም ባህርይ መለኪያ ነው አሉ።

አቦ፣ እሺ ይጠየቅ፤ ግን ይህ ጥያቄ ድሬዳዋ ላይ ይጠየቃል? እዚህ ከተማ ሰው ቢያደክምህስ የት ልትገባ ነው? ግንቦት ላይ መብራት ጠፍቶ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ማን አለ? ፍራሽ ግቢ ይወጣል። ጎረቤት በአጥር ማዶ ወሬ ይጀምራል፤ የሚቀጥለው ግቢ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ያርመዋል። ለቅሶ ሳትደርስ ቀርተህ «እኔ እኮ ቁጥብ ሰው ነኝ» ብትል እድሩ ቅጣቱን አይምርህም።

ልጅቷ «እርግጠኛ አይደለሁም» የምትለውን ስትጫን አየኋትና «ምነው?» አልኳት።

«አጎቴ፣ ከማን ጋር እንደሆነ ሳይነግሩኝ ምን ብዬ ልመልስ?»

እኔ ቀጣሪ ብሆን ፈተናው እዚያ ላይ ያልቅ ነበር።

አንድ የምወደው ተረት አለኝ፤ በሰበብ አስባቡ እጠቅሰዋለሁ። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል።» የጥንት ሰዎች ሰው ስለ ራሱ የሚናገረውን አላመኑም። መጠይቅ ከመበተን ጠላ መቅዳት መረጡ። ድሬ ደግሞ የብቅሉን ሥራ ለጫት ሰጥታዋለች። በርጫ ላይ የተቀመጠ ያውቀዋል። ስምንት ሰዓት ላይ ሰላምታ እንኳን ከብዶት የገባው ሰውዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨዋታው ይመጣል። አሥር ሰዓት ላይ ምርቃናው ሲደርስ ከጅቡቲ ዕቃ የሚያስመጣ ድርጅት አቋቁሟል፤ አንተንም ሥራ አስኪያጅ አድርጎሃል። መኪናህ ምን ዓይነት ይሁን በሚለው ላይ ብቻ ነው ያልተስማማችሁት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግድግዳ ያያል። በማግስቱ ስለ ድርጅቱ ብታነሳበት ይቀየምሃል። ይህን ሰው በስንት ሰዓት ነው የምትፈትነው? በአሥር ሰዓቱ ውጤት ከተቀጠረ የአንድ ሰዓቱን ጠዋት ማን ሊሠራለት ነው?

ጫት ስለሌለበት የፈረንጁ ይሻላል እንዳትሉ። የዚህ ዓይነቱ የባህርይ መጠይቅ ቀደምት የሚባለው አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተዘጋጀ ነው። የጦርነቱን ጭንቀት የማይችሉትን ወታደሮች አስቀድሞ ለመለየት ነበር የታሰበው። ፈተናው ተዘጋጅቶ ሳይሠራበት ጦርነቱ አለቀ። ሥራ ያጣው ወታደሩ እንጂ መጠይቁ አይደለም፤ ይኸው እስከ እኛ ሰፈር ሳቢያን፣ ድሬ ያለ መጋዘን ድረስ መጣ። ሰውን ለ16 ዓይነት የሚከፍለው ታዋቂው ማየርስ ብሪግስ ደግሞ የእናትና የልጅ ሥራ ነው፤ ሁለቱም በሥነ ልቦና አልሠለጠኑም። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ሲፈተን ሌላ ዓይነት ሰው ሆኖ የሚገኘው ጥቂት አይደለም። ባለቤቶቹ ራሳቸው ለቅጥር ማጣሪያ አታውሉት ይላሉ። የሚሰማቸው ግን የለም።

የልጅቷ ውጤት ወዲያው መጣ። «አንዳንድ ጊዜ ተግባቢ ነዎት፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ቁጥብ ይሆናሉ። ያልተጠቀሙበት ትልቅ ችሎታ አለዎት።» እናቷ አንብባ «ልክ እሷን!» አለች። እኔም ሳነበው ልክ እኔን ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ተማሪዎቹን የባህርይ ፈተና ፈተናቸው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ውጤትህ ነው ብሎ ወረቀት ሰጠ። ምን ያህል ይገልጻችኋል፣ ከ5 ነጥብ ስጡት ቢላቸው አማካዩ 4.26 ሆነ። ለካ የሁሉም ወረቀት አንድ ነው! አብዛኛውንም ዐረፍተ ነገር የለቀመው መንገድ ላይ ከሚሸጥ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። የእኛ ደብተራ እንኳን ቢያንስ የእናትህን ስም ይጠይቃል።

ከሁሉም ያናደደኝ የሐቀኝነቱ ክፍል ነው። «ዋሽቼ አላውቅም» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። እስማማለሁ ካልክ ውሸታም ነህ፤ እንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ የሚገባው ራሱን ቅዱስ የሚያደርገውን ሰው ለመያዝ ነው። አልስማማም ካልክ ደግሞ በገዛ እጅህ ፈረምክ። «የመሥሪያ ቤት ንብረት ቤት ወስጄ አላውቅም» የሚል ተከተለ። መጋዘን የመገልበጥ ሐሳብ ያለው ሰው እዚህ ላይ እጁ ይንቀጠቀጣል ብለው ነው? እሱ ነው ፈጥኖ የሚጫነው። እስክሪብቶ ትዝ ብሎት የሚያመነታው እንደ እሷ ያለው የዋህ ነው።

ይሁን፣ ሐቀኝነቷ ተለካ እንበል። ታዲያ ተያዥ ለምን?

እዚህ ላይ የቆየ ቂም አለኝ። እኔ ሥራ ያገኘሁ ጊዜ ተያዥ አምጣ ተባልኩ። ቋሚ ሠራተኛ የሆነ፣ ደመወዙ ከእኔ የማያንስ፣ መሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያለው ደብዳቤ የሚጽፍለት። የአባቴ ወዳጅ ዘንድ ሄድኩ። «አንተ እኮ ልጄ ነህ» ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። ቡና ተፈላ፤ ስለ አባቴ ደግነት ተወራ። ፎርሙን ሳወጣ ኪሱን ዳበሰ። «መነጽሬን ቀፊራ ሱቅ ረስቼው መጥቻለሁ፤ ነገ ና» አለኝ። በማግስቱ ለሌላ ሰው ተያዥ ሆኖ ቆይቷል። ከዚያ ስልኩ አይነሳም። የዚያን ሳምንት ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ አገኘሁት፤ ያለ መነጽር። እስከ ዛሬ እሱን ሳይ መንገድ እሻገራለሁ። የሰው ባህርይ መለኪያ ለሚፈልግ ኩባንያ ያንን ፎርም በነፃ እሰጣለሁ፤ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሰውየውን ማየት ነው።

ፈተና ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። በደንብ የተሠራ ፈተና ማን ሥራ ላይ እንደሚጠነክር የተወሰነ ፍንጭ እንደሚሰጥ ጥናቱ አለ። ግን ለምን ሥራ? አሜሪካኖቹ እንኳን እ.ኤ.አ. በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ደርሰው፣ ጥቁር አመልካቾችን ከበር የሚመልስ ፈተና ከሥራው ጋር መገናኘቱ ካልታየ አይቻልም ተብሏል። ለስቶር ኪፐር መጋዘን ክፈትላትና ከቢን ካርዱ ጋር የማይገጥመውን ካርቶን ታግኝልህ። ግማሽ ቀን አይፈጅም። ሰው ሀብት አስተዳደሩ ግን ከወንበር መነሳት አለበት፤ በዚህ ሙቀት!

ልጅቷ አልፋለች፣ ረስቼው ነው። ትናንት ደውለው ተያዥ ይዛ እንድትቀርብ ነገሯት፤ ፎርሙንም በዚያው ቴሌግራም ላኩላት። ገልብጬ አየሁት። ስለ ተያዡ ባህርይ አንድም ጥያቄ የለበትም፤ የሚጠይቀው ደመወዙን ነው። የእኔ እንደማይደርስ ከወዲሁ ነግሬያታለሁ።