ለክቡር ኮንትራት፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከኤርፖርት ወደ ከተማ በሰው (በነፍስ ወከፍ) ሒሳብ ስለመሳፈር

ክቡር ሆይ፣

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። አድራሻዎ አልጠፋኝም። የአውሮፕላን ማረፊያው መውጫ ላይ ቆመው እንደሚውሉ አገር ያውቃል። ደግሞም እርስዎን መንገደኛ ፈልጎ አያገኝዎትም፤ እርስዎ ነዎት ፈልገው የሚያገኙት። ሰው ስልኩን ሳይከፍት፣ ለእናቱ "ገባሁ" ብሎ ሳይደውል፣ ድምፅዎ ይቀድማል። "ጋሼ! ኮንትራት ነው?" መኪናውን ብቻዬን፣ የሙሉውን ዋጋ ከፍዬ እንድይዝ ማለትዎ ነው።

ክብረት ይስጥልኝ። ከአዲስ አበባ ተነስቼ እዚህ እስክደርስ በዚህ ጉጉት የተቀበለኝ ሌላ ሰው የለም።

ሒሳብ ስላስተማሩኝም አመሰግናለሁ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አባይ በረሃን ወርዶ መውጣቱ ብቻውን ወገብ ይቆርጣል። አውሮፕላኑ ያን ሁሉ አገር በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ የምትቀረን መንገድ አስር ኪሎ ሜትር የማትሞላ ናት። ያቺን ግን እርስዎ ያስረዝሟታል። አንድ ቀን የአውሮፕላኑን ቲኬት ለኪሎ ሜትር አካፈልኩት። የእርስዎንም እንዲሁ አካፈልኩት። በአየር መሄድ ረክሶ ተገኘ።

ዋጋዎን እዚህ አልጽፈውም። ምስጢር ሆኖ እንዳይመስልዎ፤ ደብዳቤውን ሳልጨርስ ይጨምራል ብዬ ነው። ደግሞስ የቱን ልጻፍ? ነጠላ ለለበሰች እናት አንድ ዋጋ አለ። ባለ ጎማ ሻንጣ ለሚጎትት ሌላ ዋጋ አለ። አማርኛው ትንሽ ለተኮላተፈ ልጅ፣ የፀሐይ መነጽርም ካደረገ፣ ዋጋው ወዲያው ክንፍ ያወጣል። ስለ ፈረንጅ እንኳ ዝም ማለት ይሻላል።

ክቡር ሆይ፣ እንግዲህ ተዋውቀናል። ከዚህ በኋላ "አንተ" እያልኩ ብቀጥል ቅር እንዳይልዎት። ለነገሩ አንተም ዋጋ ቀንስ ስልህ "ጋሼ"ን ወዲያው ነው የረሳሃት።

ነገሬ ከሾፌሩ ጋር አይደለም። እሱ የቤንዚን ወረፋ ላይ ያደረ ሰው ነው። ወረፋው አልደርስ ካለውም በሃይላንድ የሚሸጠውን በእጥፍ ገዝቶ የመጣ ነው። በረራ ሲዘገይ አብሮ ይዘገያል። ተሳፋሪውን ከተማ አድርሶ የሚመለሰው ባዶውን ስለሆነ የመልሱንም ከተሳፋሪው ላይ ይቆርጣል። እሱ ምን ያድርግ? ጥያቄዬ ላንተ ነው። አራት ሰው ወደ አንድ ሰፈር እየሄደ፣ አራቱንም የሙሉ መኪና ዋጋ የምታስከፍለው አንተ ነህ።

የምትኖረው በምን እንደሆነም ደርሼበታለሁ። ቀለብህ የእኛ ይሉኝታ ነው። ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ በእግሩ ወደ አስፋልቱ ሲወጣ ማን ያየዋል? ጎረቤት ያየዋል። የአክስት ልጅ ያየዋል። "በፕሌን ነው የሚመጣው" ተብሎ ለሰፈሩ ከተወራ ሳምንት አልፎታል። ስለዚህ "በሰው የሚጭን የለም?" ብሎ መጠየቅ ራሱ ይከብዳል። የሚጠይቅ ሰው እንኳ ብድር እንደሚጠይቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። አንተ ደግሞ ይህን ታውቃለህ። ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለህ ትመልሳለህ።

"በሰው? እዚህ? ወንድም፣ ይሄ እኮ መናኸሪያ አይደለም!"

ሰው ሁሉ ዞር ይላል። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። ሻንጣው ራሱ ተነስቶ መኪናው ላይ ይወጣል።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ መረጃህ አርጅቷል። አውሮፕላን የሚሳፈር ሁሉ ባለጸጋ ነው የምትለው የድሮ ወሬ ነው። የመኪናው መንገድ አላስተማምን ካለ ወዲህ ወንበሮቹ ላይ ማን እንደሚቀመጥ እስቲ ገብተህ እይ። ጥቁር አንበሳ ታክማ፣ የራጅ ፖስታዋን በነጠላዋ አቅፋ የምትመለስ እናት አለች። ቲኬቷን ልጆቿ አዋጥተው ነው የቆረጡላት፤ አንዱ ከደመወዝ ተበድሮ፣ አንዷ የእቁብ ተራዋን ለምና። ልቅሶ ለመድረስ የሚሮጥ አለ። ለሥራ ፈተና ተጠርቶ፣ ከጓደኛው የተዋሰው ኮት ትከሻው ላይ የሰፋበት ተመራቂ አለ። እነዚህ ሰዎች አውሮፕላን ላይ የወጡት ሌላ መሄጃ አጥተው ነው። አንተ ግን የምታያቸው ከበሩ ሲወጡ ብቻ ነው። ከዚያ በር የወጣ ሁሉ ደግሞ ዳያስፖራ ይመስልሃል።

"እማማ፣ ኮንትራት?" ስትላት ሰምቼሃለሁ።

"ምንድን ነው እሱ ልጄ?"

"ብቻዎን የሚሄዱበት ነው።"

"ምነው ብቻዬን? ከሰው ጋር ቢሄዱ አይሻልም?"

መልስ አልነበረህም። ዋጋህን ነገርካት። እማማ ባጃጇን ከጎማዋ እስከ ጣራዋ አየቻትና "ባጃጇን ጨምሮ ነው?" አለች። በዚያች ቀን ካንተ በስተቀር ያልሳቀ የለም። እውነቱን ለመናገር ሾፌሩ ራሱ ስቋል።

እስቲ አሁን በእርጋታ እናስላው። እዚህ የሚመላለሰው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ከ70 ሰው በላይ ይጭናል። የእኛ ሚኒባስ 12 ሰው ነው። አንድ በረራ ሞልቶ ከመጣ ስድስት ሚኒባስ ጢም አድርጎ ይሞላል ማለት ነው። መናኸሪያ ሄደህ ደግሞ እይ። ረዳቱ "አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ግማሽ ሰዓት ይጮኻል፤ ገብተህ ስታይ ውስጥ ያለው ሾፌሩና አንዲት ሽንኩርት የያዘች ሴት ናቸው። ኤርፖርት ላይ ግን ተሳፋሪው ተሰብስቦ፣ ሰዓቱ ቲኬት ላይ ተጽፎ፣ ሁሉም ወደ አንድ ከተማ ለመግባት በአንድ በር ይወጣል። ሰው መጥራት አያስፈልግም። እስኪሞላ መጠበቅ የለም። የታክሲ ረዳት በሕልሙ የሚያየው ቦታ ይህ ነው። ነገር ግን በወጣሁ ቁጥር "ጊዮርጊስ! ጊዮርጊስ!" እያለ ወደ መሃል ከተማ የሚጣራ ረዳት አጋጥሞኝ አያውቅም። የሚያጋጥመኝ አንተው ነህ።

ለንደኖች የምድር ውስጥ ባቡራቸውን ሂትሮው ኤርፖርት ድረስ ያስገቡት በፈረንጆች 1977 ነው። እኛ ባቡር አላልንም። (አዲስ አበባም ቀላል ባቡሯን በ2008 መጀመሪያ አስጀምራለች፤ ቦሌ ኤርፖርት ግን አይደርስም። ቢሆንም ቦሌ ላይ ከግቢው በእግሩ የወጣ ሰው ሚኒባስ አያጣም።) እኛ ያልነው ረዳት ነው። በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጮህ፣ ዝርዝር የለኝም የሚል፣ መልስ ሲጠየቅ ጆሮው የሚደፈን አንድ ተራ ረዳት። ከነጉድለቱ እንቀበለዋለን።

ለመሆኑ የቆምክበት ቦታ በማን ስም እንደሚጠራ ታውቃለህ? በደጃዝማች በላይ ዘለቀ። ጣሊያንን ጎጃም ላይ እጅ አልሰጥም ብሎ ዓመታት የተዋጋ አርበኛ ነው። በእሱ ስም በተሰየመ ማረፊያ ላይ እኛ በአምስት ደቂቃ እጅ እንሰጣለን። ያውም በመጀመሪያው ዋጋ።

ዘመዶችህም ብዙ ናቸው። ከተማ ገብተን ጣና ዳር ስንወርድ የጀልባው ኮንትራት ይቀበለናል። ዘጌ ሄዶ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ማየት የፈለገ እንግዳ ጀልባውን በሙሉ ይይዛል። እዚያው ውሃ ላይ የዘጌ ሰው በሕዝብ ጀልባ በሰው ሒሳብ እየከፈለ ይመላለሳል። ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ፣ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው መርከብም ቲኬት ሲቆርጥ የኖረው በሰው ነው። የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ በነፍስ ወከፍ ይታለፋል፤ አንተ ግን ከኤርፖርት እስከ ጊዮርጊስ ያለችውን አስፋልት ለአንድ ሰው ጠቅልለህ ትሸጣለህ። ጣናነሽ ሁለት ከጅቡቲ ወደ ጣና ተነስታ፣ መርከብ ሆና ሳለ ተሳቢ ላይ ተጭና በየብስ ስትጓዝ አገር ጉድ ብሎ አይቷል። በአንተ በር ብታልፍ ኖሮ እሷንም "እህት፣ ኮንትራት ነው?" ትላት ነበር።

የሆቴል መኪና አለ ትለኝ ይሆናል። አለ። የእንግዳውን ስም ወረቀት ላይ ጽፎ በትሕትና ይጠብቃል። ለመሳፈር ግን አልጋ መያዝ ይጠይቃል። እኔ ደግሞ ባሕር ዳር ቤት አለኝ፤ ለታክሲ ብዬ ሆቴል አላድርም። ዋጋህን ስሰማ ግን አልጋው ሳይረክስ አይቀርም እላለሁ።

እንግዲህ ሳልደብቅህ፣ ዘዴ ተፈጥሮብሃል። ሻንጣ ስንጠብቅ እንደ ድሮው ስልካችን ላይ አንደፋም። ዙሪያችንን እናያለን።

"ወዴት ነዎት?"

"አባይ ማዶ።"

"እኔ ፔዳ ነኝ።"

"እኔን ጊዮርጊስ ጋ ብትጥሉኝ ይበቃኛል።"

ከበሩ ስንወጣ ሦስት ሆነን ነው። ባጃጅ ከኋላው ሦስት ሰው ያስቀምጣል፤ ዋጋህም ለሦስት ይካፈላል። መጀመሪያ ትቆጣለህ። "ኮንትራት ለአንድ ሰው ነው" ትላለህ። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው ስንጠይቅህ ወደ ሌላ ተሳፋሪ ትሮጣለህ። ሾፌሩ ግን ይስማማል፤ ቆሞ ከመዋል ይሻለዋላ።

ሁለተኛው ዘዴ እግር ነው። ይህ ሻንጣው ለቀለለ ሰው ነው፤ ፀሐይ ከመክረሯ በፊት ከሆነ ደግሞ የበለጠ ጥሩ። በር ላይ ስትታይ ግዙፍ ነህ። ሳልመልስልህ አልፌህ ስሄድ ትንሽ ትቀንሳለህ። ጥቂት ራቅ ስል ከኋላዬ "ስንት ትከፍላለህ?" ትላለህ። ዋናው መንገድ ጋ ስደርስ የጠራኸውን ግማሽ እንኳ አታህልም። እዚያ ወደ ከተማ ባዶውን የሚመለስ ባጃጅ ከተገኘ ነገሩ አለቀ፤ ባዶ ከሚሄድ ሰው ቢጭን ይመርጣል። ጊዮርጊስ ከተደረሰ ወዲያ ያንተ አገዛዝ የለም። ፖሊ ቢሉ፣ ፔዳ ቢሉ፣ አባይ ማዶ ቢሉ በሰው ሒሳብ ይኬዳል፤ ዝርዝር ሳንቲም መያዝ ብቻ ነው።

ግን ይህ ሁሉ ለምን ዘዴ ሆነ? የራጅ ፖስታ የያዘችው እናት በየትኛው ጉልበቷ ነው እስከ አስፋልቱ የምትሄደው? ሦስት ሰው ለማሰባሰብስ በየትኛው ድፍረቷ?

ግንቦት 2016 አባይ ላይ አዲስ ድልድይ ተመርቆልናል። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ነው። የእግረኛም የብስክሌትም መንገድ አለው። ሲመሽ ለሽርሽር ስወጣ አንዳንዴ አስባለሁ። ይህን ያህል ኮንክሪት ተሸክሞ ያቆመ አገር አንዲት የብረት ምሰሶ ተክሎ "ፌርማታ" ብሎ መጻፍ እንዴት ይከብደዋል? ምናልባት ቦታ ጠፍቶ ይሆናል። ቦታው ላይ አንተ ቆመሃላ።

ይሁን እንጂ ጡረታ ውጣ አልልህም። በሽተኛ ደግፎ ለሚመጣ፣ ቤቱን ነቅሎ ከነቴሌቪዥኑ ለሚጓዝ፣ ሚዜዎቹን አስከትሎ ለሚገባ ሙሽራ ታስፈልጋለህ። ገንዘብ ኖሮት ብቻውን መሄድ ለሚወድም መብቱ ነው። የምጠይቅህ ትንሽ ጠጋ በል ነው። ከጎንህ አንድ ሚኒባስ ይቁም። ታሪፉ መስታወቱ ላይ ይለጠፍ። ረዳቱ ይጩኽ። ከዚያ አንተም "ኮንትራት" ብለህ ተጣራ፣ እሱም "ጊዮርጊስ" ብሎ ይጥራ፤ እማማ የፈለገችውን ትምረጥ።

መልስ ካለህ በፖስታ ላክልኝ። በሰው እጅ እንዳትልከው። የማድረሻውን ሒሳብ ከእኔ ነው የምትቀበለው።

ከሰላምታ ጋር
ሻንጣው ቀላል የሆነ አንድ ተሳፋሪ

ግልባጭ፦
ለይሉኝታ፣ በያለችበት
ለሚመለከተው አካል፣ ይመለከተኛል ካለ
ለጀልባ ኮንትራት፣ ጣና ዳር፤ ደብዳቤው ለእሱም ስለሚመጣ ከወዲሁ ይዘጋጅበት