የነሐስ ሰሌዳ ቁልፍ አይደለም

«ቤቱ በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ ካለ ያለ መንግሥት ፈቃድ ሚስማር እንኳ አትመታም» ያልከው ልክ አይደለም ወንድሜ። ወሬው ግን የትም አለ። መዝገቡ በ1966 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የመጣ ነው፤ የግል ባለቤት በራሱ ገንዘብ በሩን ቢቀይር፣ ጣሪያውን ቆርቆሮ ቢያለብሰው፣ ጭራሽ ቢያፈርሰውም (ያሳዝናል እንጂ) መዝገቡ አይከለክለውም። በር ላይ የምትለጠፈዋ ሰሌዳ ክብር ናት፣ በቃ። የፌዴራል ገንዘብ ወይም ፈቃድ ከገባበት ነገሩ ይለያል፤ ያኔም ቅርሱ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት አስቀድሞ የማየት ግዴታው ገንዘቡን ወይም ፈቃዱን የሚሰጠው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው እንጂ የባለቤቱ አይደለም። ባብዛኛው እጅ የሚይዘው የካውንቲው (ከክፍለ ግዛት በታች ያለው የአካባቢ አስተዳደር) ወይም የከተማው ደንብ ነው፣ ብዙ የገጠር ካውንቲ ደግሞ እሱም የለውም። ያንን አሮጌ የእርሻ ቤት ከመተውህ በፊት ካውንቲው ቢሮ ደውልና ጠይቅ።