«ቼክ አድርጌዋለሁ እኮ!»

የሲ (C) ፕሮግራሙ ሴግመንቴሽን ፎልት (ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ ነክቶ መውደቅ) ብሎ ተዘርግቶ እያለ «ፖይንተሩ ነል (ባዶ፣ የትም የማያመለክት) መሆን አለመሆኑን ቼክ አድርጌዋለሁ እኮ!» ይባላል? ምኑን ነው ቼክ ያደረግከው? ፈንክሽን ውስጥ ፖይንተሩን (የሜሞሪ አድራሻ የሚይዘውን ቫሪያብል) ምንም ዋጋ ሳትሰጠው ዲክሌር አደረግክ፤ ወረድ ብለህ «ነል ካልሆነ ተጠቀም» አልክ። በቃ?

ሎካል ቫሪያብልን (ፈንክሽን ውስጥ የተፈጠረውን) እኮ ማንም አያጸዳልህም! በአብዛኛው ያለበት ቀድሞ የተጠራ ፈንክሽን ስታኩ (ፈንክሽኖች በየተራ የሚጠቀሙበት ሜሞሪ) ላይ ጥሎት የሄደው ቁሻሻ ነው። ቁሻሻ ደግሞ ነል ስላልሆነ ኢፍህን ሰተት ብሎ ያልፈዋል። ከመነሻው ነል የሚሆኑት ግሎባልና ስታቲክ ቫሪያብሎች ብቻ ናቸው። አንድ «እኩል ይሆናል ነል» መጻፍ ይህን ያህል ከበደ?

«እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» ደግሞ አለ፣ ያ የዘወትር መልስ! ያለ ኦፕቲማይዜሽን (ኮምፓይለሩ፣ ማለትም የኮዱ ተርጓሚ፣ ኮዱን ለማፍጠን የሚያደርገው ለውጥ) ይሠራል፣ ኦፕቲማይዜሽን ሲበራ ይወድቃል፤ ይሄ ሠራ ይባላል?

ፍሪውስ! ፍሪ ሜሞሪውን ይለቃል እንጂ ፖይንተሩን ነል አያደርገውም። እዚያው ቀጥሎ ነል አድርገው፤ ነልን ፍሪ ማድረግ ምንም አያመጣም፣ ያንኑ አድራሻ ሁለቴ ፍሪ ማድረግ ግን ሂፑን (ፕሮግራሙ እየጠየቀ ሜሞሪ የሚወስድበትን ቦታ) ያበላሻል። ሌላ ፖይንተር ያንን አድራሻ ቀድቶ ከያዘ ደግሞ እሱ ነል አይሆንልህም፤ ኢፍህ አሁንም ያልፋል!

የሪያሎክን (የተያዘን ሜሞሪ መጠን የሚቀይረውን ፈንክሽን) ውጤት በቀጥታ በዚያው ፖይንተር ላይ የሚቀበሉትንማ ተዉኝ። ቦታ ሲጠፋ ነል ይመልሳል፤ የድሮው ሜሞሪ ሳይለቀቅ አድራሻው ጠፋ ማለት ነው። በሌላ ፖይንተር ተቀበል፣ ነል አለመሆኑን እይ፣ ከዚያ ወደ ዋናው ፖይንተር መልሰው።

ማሎክ (ሜሞሪ የሚጠየቅበት ፈንክሽን) ላይ የስትራክቱን (ብዙ ዳታ አንድ ላይ የሚይዘውን) ትቶ የፖይንተሩን ሳይዝኦፍ (መጠን በባይት) መስጠትም አለ፦ 64 ቢት ላይ 8 ባይት ተሰጠህ፣ ስትራክትህ 40 ነው፤ የቀረውን 32 የማን ሜሞሪ ላይ ልትጽፍ ነው?

ከሁሉ የሚያናድደኝ መጀመሪያ ፖይንተሩን ተጠቅሞ ከታች ቼክ ማድረግ። ኮምፓይለሩ «ከተጠቀመበት ነል አይደለም ማለት ነው» ብሎ ኢፍህን ሊሰርዘው ይችላል፣ መብቱም ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሊኑክስ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ፣ ቱን በሚባለው ድራይቨር ላይ የተገኘው የደህንነት ቀዳዳ ልክ ይሄው ነበር።

ዋጋ ያልተሰጠውን ፖይንተር ኮምፓይለሩ ራሱ ብዙ ጊዜ ከነመስመር ቁጥሩ በዋርኒንግ ይናገራል። ዋርኒንጉ ግን «ስክሪን ይሞላል» ተብሎ እንዲጠፋ ተደርጓል!